የአክስቴ መቀነት

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ባልደረቦቼና ተማሪዎቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወረኢሉ የምትኖረው አክስቴ መቀነቷን ወገቧ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ነበር የምታስረው። አንድ ክረምት ሦስተኛው ዙር አልደርስ አላት። ሆዷ ይነፋል፣ ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ትጠግባለች፣ ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። «ጨጓራ ነው» ተብላ ወራት ሙሉ ኪኒን ዋጠች። ደሴ አምጥተን በአልትራሳውንድ ስትታይ ሆዷ ውኃ ቋጥሯል፤ የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻዋ ካንሰር ተሰራጭቷል። ያ ንዴት ነው ላቦራቶሪ ያስገባኝ፤ እዚያም የዚህን ካንሰር ዘረመል አጠናለሁ።

ከዘረመላችን ፕሮቲን የሚሠራው ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። የቀረውን ብዙዎች ገለባ ሲሉት ኖረዋል። የወሎ ገበሬ ግን ገለባ አይጥልም፤ ከብት ይቀልብበታል፣ የግድግዳ ጭቃ ያቦካበታል። ከዚያ «ገለባ» ከ200 የዘረመል ፊደል የሚረዝሙ፣ ፕሮቲን የማይሠሩ፣ አርኤንኤ የሚባሉ የዘረመል ቅጂዎች ይገለበጣሉ፤ አንዳንዶቹም የሌሎችን ጂኖች ሥራ ይቆጣጠራሉ። ከእነሱ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታወቀው ሆትኤር፣ ከክሮሞሶም 12 ይነሳና ጂን ዘጊ ፕሮቲኖችን እየመራ ክሮሞሶም 2 ላይ ያሉ ጂኖችን ዝም ያሰኛል። በኦቫሪ ዕጢ ውስጥ ሲበዛ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ከመዛመቱና ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ከመቋቋሙ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ማላት-1 እና ኤች-19 የተባሉትም በዚሁ በሽታ ይጠናሉ።

እነዚህ አርኤንኤዎች ደም ውስጥም ስለሚገኙ አንድ ቀን በሽታውን ቀድመን እንይባቸዋለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዛሬ ግን ሐኪም የሚያዝዘው እንዲህ ያለ ምርመራ የለም፤ እናቶችን አልዋሽም። ሲኤ-125 የሚባለው የደም ምርመራም በመጀመሪያው ደረጃ ካሉት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉን ይስታል። የማኅፀን በር ምርመራ ደግሞ ለሌላ ካንሰር ነው፤ እሱን ተመርምሬያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ።

ጤና ጣቢያ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሃምሳን የተሻገረች እናት ሆዷ ሳምንታት ሙሉ ተነፍቶ ከመጣች ከጨጓራ ኪኒኑ በፊት ለአልትራሳውንድ ላኩልን።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ላላችሁ ባልደረቦቼም ልመና አለኝ። የእነዚህ አርኤንኤዎች ጥናቶች በአብዛኛው በሌላ አገር ሴቶች ዕጢ ላይ የተሠሩ ናቸው። እናቲቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አስፈቅዱልን፤ ከምርመራ የተረፈውን የዕጢ ቁራጭ ወዲያው በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ ጥሩን። አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል። ሌሊትም ቢሆን መጥተን እንወስዳለን፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።