ቲኤስኤች ከፍ ሲል ዝቅ ያለው ምንድን ነው?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የደም ምርመራ ውጤታቸውን ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡ ሰዎች አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «ቲኤስኤች ከፍ ብሏል ተባልሁ፤ የታይሮይድ ሆርሞኔ በዝቷል ማለት ነው?» የሚል ነው። ቲኤስኤች ታይሮይድ የተባለችውን ዕጢ የሚያዝ ሆርሞን ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ሰዎቹ ከገመቱት ተቃራኒ ይሆናል፤ ዛሬም ከፊታችሁ የቆምሁት ይህ ተቃራኒነት ከየት እንደሚመነጭ ለማስረዳት ነው።

ታይሮይድ ከአንገት ፊት ለፊት በታችኛው ክፍል የምትገኝ፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። ከምግብ የተገኘውን አዮዲን ከደም እየሳበች ሁለት ሆርሞኖችን ትሠራለች፤ አራት የአዮዲን አተሞች ያሉት ታይሮክሲን ቲ4 ሲባል፣ ሦስት ያሉት ደግሞ ቲ3 ይባላል። በብዛት የምታመነጨው ቲ4ን ቢሆንም፣ በሕዋሳት ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ቲ3 ስለሆነ፣ ጉበትን የመሳሰሉ የአካል ክፍሎች ከቲ4 ላይ አንዱን አዮዲን ነጥለው ወደ ቲ3 ይለውጡታል። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴና የሕፃናት የአእምሮ እድገት ሁሉ እነዚህን ሆርሞኖች ይፈልጋሉ።

ቲኤስኤች ግን የታይሮይድ ምርት አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ወደ ታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው፤ ታይሮይድ ሲደክም ትእዛዙ ይበረታል፣ ሆርሞኑ ሲትረፈረፍ ደግሞ ትእዛዙ ይዳከማል። ፒቱታሪ እጅግ ንቁ ከመሆኗ የተነሣ ቲ4 በግማሽ ቢቀንስ ቲኤስኤች እስከ መቶ እጥፍ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ሐኪሞች አስቀድመው ቲኤስኤችን የሚያዙትም ቲ4 ገና ከመደበኛው መጠን ሳይወጣ ችግሩን ስለሚጠቁም ነው። በአዋቂዎች መደበኛ የሚባለው በሊትር ከ0.4 እስከ 4 ሚሊዩኒት ገደማ ነው፤ ይሁንና ገደቡ እንደየላቦራቶሪው፣ እንደ ዕድሜና እንደ እርግዝና ስለሚለያይ፣ ውጤታችሁን በዚያው ወረቀት ላይ ከታተመው መመዘኛ ጋር ብቻ አነጻጽሩ።

በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚታየው «ነፃ ቲ4» የሚለው ስያሜም ማብራሪያ ይሻል። በደም ውስጥ ካለው ቲ4 ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚዘዋወር ሲሆን ወደ ሕዋስ መግባት የሚችለው ያልተጣበቀው ጥቂቱ ነው። በእርግዝና ወቅት ተሸካሚው ፕሮቲን ስለሚጨምር ጠቅላላው መጠን ብቻ ቢለካ ጤነኛዋን እናት በሽተኛ ያስመስላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትእዛዝ ሰጪዋ ፒቱታሪ ራሷ የታመመች እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ቲ4 በግልጽ አንሶ ሳለ ቲኤስኤች መደበኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ቲኤስኤችን ብቻ አይቶ «ደኅና ነህ» ብሎ ማሰናበትም ሕመምተኛውን ለተጨማሪ ወራት ስቃይ መዳረግ ይሆናል።

ውጤት የሚያሳስቱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን በአንዳንድ የመለኪያ ዘዴዎች ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ነፃ ቲ4ን በሐሰት ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማቋረጥና ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። የታይሮክሲን ክኒን የምትወስዱ ደግሞ የዕለቱን ክኒን ደም ከሰጣችሁ በኋላ ብትውጡ ይመረጣል። ቲ4 በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ መጠኑ ከተቀየረ በኋላ አዲሱን ሚዛን ለማወቅ ስድስት ሳምንት ገደማ መታገሥ ግድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተመርምረው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ተስፋ የቆረጡ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የጎደላቸው ጊዜ ብቻ ነበር።

ትዕግሥት የማይፈቀድለት አንድ ሰው ቢኖር ታይሮይዱ ሳይሠራ የተወለደ ሕፃን ነው። ሲወለድ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ሕክምናው ከዘገየ ግን በአእምሮው ላይ የሚደርሰው ጉዳት አይመለስም። በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተረከዙ በሚወሰድ ጠብታ ደም ችግሩ ከታወቀና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ታይሮክሲን ከተጀመረለት እንደ እኩዮቹ ሊያድግ ይችላል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።