የመጀመሪያው ምት ባዶ ነው

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከበስተጀርባ ሙዚቃም አላስገባሁም፤ ስለ ሙዚቃ እያወሩ ሙዚቃ መክፈት የሰውን ጆሮ ለሁለት መክፈል ነው የሚል የቆየ ግትርነት አለብኝ።

ለአዲስ አድማጮች፦ ሙዚቃ እደርሳለሁ። አሳታሚ የለኝም፣ አለቃ የለኝም፣ እንዲህ ያለ ሥራ አምጣ ብሎ የሚያዝዘኝም የለም። ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል፣ ያልነካካሁት ስልት ጥቂት ነው። ሬጌ ጽፌያለሁ፤ ቫልስ ጽፌያለሁ፤ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ ጽፌያለሁ፤ ለጭፈራ የሚሆን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠርቻለሁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜም ጃዝ ብዬ ለመጥራት የማፍርበት ነገር ሠርቻለሁ። ሥራዬን በኢንተርኔት ልለቅ ስል ታዲያ አንድ ቅጽ ይመጣል። «ዘውግ ይምረጡ» ይላል፤ አንድ ዋና፣ አንድ ተጨማሪ። ሰዎችም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ «ለመሆኑ ያንተ የትኛው ነው?»

ይህ ጥያቄ ለዓመታት ያሸማቅቀኝ ነበር። ሁሉን የሚነካካ አንዱንም አይጨብጥ የሚል ክስ ከጀርባው ይሰማኛል። ክሱ ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም፤ የመጀመሪያ ሬጌዬ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብኝ ይችላል።

እንዲህ ነበር። አራት ምት ባለው ባር፣ ማለትም በአንድ የሙዚቃ ዙር ውስጥ፣ ጊታሩን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ቆረጥ ቆረጥ አደረግሁት። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 75 ምት አወረድኩት። ኦርጋን ጨመርኩበት። በቃ፣ ሬጌ ሆነ ብዬ ቤዝ ጊታር ለሚጫወት ወዳጄ አሰማሁት። ጥቂት ሰማና «ድራምህ ይቸኩላል» አለኝ። ፍጥነቱን ገና ልቀንሰው ስል እጄን ያዘኝ። የትልቁን ከበሮ ድምፅ ከአንደኛው ምት ላይ አንሥቶ ሦስተኛው ላይ አስቀመጠው፤ ቤዙንም ከአንደኛው ምት ላይ ነቀለው። ሌላ ምንም አልነካም። ሙዚቃው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አለ።

ዋን ድሮፕ የሚሉት ምት ይኸው ነው። ከቦብ ማርሌይ ጋር ከበሮ ይጫወት የነበረው ካርልተን ባሬት ስሙ የሚነሣው በዚህ ምት ነው። ብዙ ሙዚቃ እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ ይህ ምት ባዶ ይተወዋል። እኔ ለሮክ አጥንት የሬጌ ልብስ አልብሼው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስልት ስጀምር አስቀድሜ የምፈልገው የሚከለክለኝን ነው። ሀርፕሲኮርድ ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል። ፒያኖ ከመምጣቱ በፊት ይጫወቱት የነበረ፣ በመዶሻ ፈንታ ክሩን ጭሮ የሚያሰማ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። ቁልፉን በኃይል ብትጫኑትም በቀስታ ብትነኩትም ድምፁ ያው ነው ለማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ የምሠራው በኮምፒውተር ነው። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሣሪያዎችን የሚያነጋግረው ሚዲ የተባለው ሥርዓት ለእያንዳንዱ ድምፅ የአመታቱን ኃይል እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይመዘግባል። ቁጥሩ ካለ እጅ አያርፍም። በሀርፕሲኮርድ ድምፅ የጻፍኩትን ሥራ አንዱን ድምፅ 40፣ አንዱን 90፣ አንዱን 112 እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ አለሰለስኩት። ውጤቱ ውሸታም ነበር። አራተኛው ቀን ሁሉንም አንድ ቁጥር ላይ አስተካክዬ፣ ጎላ እንዲል የፈለግሁበት ቦታ ላይ ሁለት ተጨማሪ ድምፆችን ደረብኩ። ጎላ። የጀርመኑ ደራሲ ባኽና የዘመኑ ሰዎች ኮርዶቻቸውን፣ ማለትም በአንድነት የሚሰሙ ድምፆቻቸውን፣ የሚያወፍሩበት፣ ዜማ በዜማ ላይ የሚደርቡበት አንዱ ምክንያት ያን ዕለት በጣቴ ገባኝ። ብዙ መጻሕፍት ላይ አንብቤው ነበር፤ በጣት መግባት ግን ሌላ ነው።

በጣም ያደከመኝ አንቺ ሆዬ የተባለው ቅኝታችን ነው። ከዶ ከተነሣን ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ናቸው። አምስት ብቻ። ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ለዚህ ቅኝት በፒያኖ ኮርድ ላበጅለት ተቀመጥኩ፤ ከራሱ ድምፆች ሳልወጣ ማለቴ ነው። ስቆጥር ሁለት የተለመዱ ኮርዶች ብቻ አገኘሁ፦ ፋ ሜጀር እና ሶል ፍላት ማይነር። ሁለቱ የግማሽ ድምፅ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ተከታትለው ሲመጡ እንደ ተኳረፉ ወንድማማቾች ነው የሚተያዩት። ከሁሉ የሚገርመው ግን ዶ ነው። ዜማው የሚመለስበት፣ የሚያርፍበት ቤቱ ዶ ሆኖ ሳለ በዶ ላይ የሚቆም ኮርድ የለም፤ ኮርዱን የሚሞላ ሚም የለ፣ ሚ ፍላትም የለ። ቤቱ ጣሪያ የለውም። ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር ሲያጋባ ምን ያህል ትዕግሥት እንደ ጠየቀው የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ በመጨረሻ ኮርዱን ተውኩት። ቼሎው ዶን ብቻ ይዞ እንዲቆይ፣ ክራሩ ከላይ እንዲሄድ አደረግሁ። ይህን ሥራ ወደ መጨረሻው አሰማችኋለሁ።

ስም መቀያየርም ሞክሬያለሁ። ለጭፈራው አንድ ስም፣ ለቫዮሊኑና ለቼሎው ሥራ ሌላ ስም። ለዚህ እንኳን አብነት አላጣሁም። ጣሊያናዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣ የካውቦይ ፊልም ላይ ስሙ ዳን ሳቪዮ ተብሎ ነው የተጻፈው። ፈረንሣዊው የሙዚቃ ደራሲ ሳን ሳንስ ደግሞ በ1886 እንስሳትን እያስመሰለ ቀልድ የተሞላ ስብስብ ጻፈና ቁም ነገረኛ ስሙን ያበላሽብኛል ብሎ ፈራ፤ ስለ ዝይ መሳይዋ ነጭ ወፍ ከጻፈው የቼሎ ዜማ በቀር በሕይወት ሳለ እንዳይታተም ከለከለ። በ1921 ሞተ፤ ስብስቡ በ1922 ታተመ። ዛሬ ብዙ ሰው ሳን ሳንስን የሚያውቀው በዚያ ቀልድ ነው። እኔ ግን ስሜን የምደብቅበት ዝና ስላልነበረኝ የሁለት ስሞች የይለፍ ቃል እያምታታሁ ሁለት ዓመት ተንገላትቼ ወደ አንዱ ተመለስኩ።

አሁን ወደዚህ ክፍል ያመጣኝን ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ወር የቆዩ ፋይሎቼን ሳጸዳ 43 ሥራዎችን በአንድ ቀን ሰማሁ። ስሞቻቸውን ሳላይ፣ ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቄ። ወደ አሥረኛው ግድም አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ወረቀት አመጣሁና መቁጠር ጀመርኩ። ከ43ቱ በ31ዱ ዜማው ከመጀመሪያው ምት አይነሣም። አንደኛው ምት ያልፋል፣ ከዚያ ዜማው ይገባል። በቫልሱም፣ በጭፈራውም፣ በአራቱ መሣሪያዎች ሥራም። ከሬጌው የለመድኩት ነው እንዳልል፣ ቫልሱን የጻፍኩት ከሬጌው ሦስት ዓመት በፊት ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ስልት ስዞር የኖርኩት አንድ ስንፍና ተሸክሜ ነው ማለት ነው አልኩ። አንዱን ሥራ ከፍቼ ዜማውን ወደ አንደኛው ምት ሳብኩት። ስህተት አልነበረበትም፤ ብቻ የሌላ ሰው ሥራ ሆነብኝ፣ ጎረቤት ሲዘፍን በግድግዳ በኩል የሚሰማ ያህል። መለስኩት።

ምክንያቱን ያገኘሁት ስልኬ ውስጥ ነው። ዜማ ሲመጣልኝ መሣሪያ ከመንካቴ በፊት ለስልኬ አንጎራጉርለታለሁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቅጂዎች አሉኝ። በጣቴ ጠረጴዛውን እየመታሁ እቆጥራለሁ። ጣቴ አንድ ሲል የምሰማው ድምፅ እስትንፋሴ ነው፤ አየር ስስብ። ከዚያ እጀምራለሁ። በሁሉም ላይ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የአንቺ ሆዬው ሥራ ይኸውላችሁ። ርዕስ አልሰጠሁትም፤ የዘውጉንም ሣጥን አልሞላሁትም፤ ሌሊቱን እሞላዋለሁ። መነሻው ላይ ከቼሎው በፊት ሹክ የሚል ነገር ትሰማላችሁ። የማይክሮፎን ጥፋት አይደለም። ላጠፋው መቁረጫውን ይዤ ነበር፤ ተውኩት።