ሲትረፈረፍ የማን ይሆናል?
(በደብረ ብርሃን ለቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህሮቻችን፣ በአንድ አለንጋ የተገረፍን ጓደኞቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከአዲስ አበባ ጃኬት ሳትይዙ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። አገራችሁን ረስታችኋል ማለት ነው።

አዘጋጆቹ «ካፒታሊዝምና ንብረት በተትረፈረፈ ዘመን» የሚል ርዕስ ሰጥተውኛል። ከባድ ነው። ጆን ሜናርድ ኬንስ የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ከ100 ዓመት በኋላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ቢሠራ ይበቃዋል ብሎ ነበር። መቶው ዓመት ሊሞላ ነው። እስቲ እዚህ መሐል 15 ሰዓት ብቻ የሚሠራ እጁን ያውጣ። አንዳንድ ቢሮ ያላችሁ አትቸኩሉ፣ እናውቃችኋለን።

ሰውየው ስለ ምርቱ ተሳሳተ አልልም። ዕቃው በዝቷል። የሶላር ፓነል ዋጋ ከ2010 እስከ 2020 ባሉት የፈረንጅ ዓመታት ብቻ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የተትረፈረፈው የማን ነው?

አክስቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ በበዓል ጠላዋን ያልጠጣ የለም። ከተማው ዳር የገብስ ማሳ ነበራት። አንድ ቀን ኮሚቴ መጣ። ሜትር ዘረጉ፣ ጻፉ፣ አስፈረሟት። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ የ5 ዓመት አማካይ ገቢዋ በ10 ተባዝቶ ካሳ ተከፈላት። በገንዘቡ ቤቷን አደሰች፣ ልጇን ዳረች፣ በቀረው ለትንሹ ልጅ ባጃጅ ተገዛ። ባጃጇ ሁለት ክረምት እንኳ ሳትሞላ ቆመች። ወንበሯ ተነቅሎ አሁን የአክስቴ ሶፋ ሆኗል፤ እኔም ስሄድ እሱ ላይ ነው የምቀመጠው።

መሬቱስ? ባለሀብቱ በቆርቆሮ አጠረውና ሄደ። ፋብሪካ የለም። ሣር ብቻ። ለዚያ ሣር ጥበቃ ተቀጠረ፤ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ትንሹ ልጅ፣ ባለ ባጃጁ። የእናቱ ላም በቆርቆሮው ሥር ሾልካ ስትገባ የሚያባርራት እሱ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነዋ!

ፋብሪካ አልጠላም። ብርድ ልብስ ፋብሪካው የዚህን ከተማ ስንት ቤት እንዳቆመ እዚሁ አይተናል። ግን ሒሳቡን እዩት። ለአክስቴ የተከፈላት የ10 ዓመት ገብስ ነው። በ11ኛው ዓመት መሬቱ ገብስ ማብቀሉን ያቆም ነበር? በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ 15 አሳድጎታል። ይሁን። በ16ኛውስ? ባለሀብቱ የሊዝ ወረቀቱን ባንክ አስይዞ ይበደርበታል። እሷ ግን የራሷን ማሳ መሸጥም አትችልም ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አክስቴስ ሕዝብ አይደለችም?

ደግሞ «ወይ መንግሥት ነው ወይ ባለሀብት፣ ሌላ መንገድ የለም» እንዳትሉኝ። መንዞች እዚህ አላችሁ። ጓሳ የሚባለው የመንዝ ደጋ የሣር መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። የቀደሙት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ነን የሚሉት በጋራ ይዘውት ነበር። አለቃ መርጠው፣ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ከፍተው ያጭዱ ነበር። ማንም ብቻውን አይወስደውም፣ ማንም ባዶ እጁን አይመለስም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሲታወጅ በብዙ አገር ጭሰኛ ነፃ ወጣ፤ እሰየው። ነገር ግን መንዝ የርስተኛ አገር ነው። ለእኛ አዋጁ የቀሮንም ሥልጣን ጠራርጎ ሄደ። ጓሳው የሁሉም ነው ሲባል ጠባቂ አጣ። ዛሬ ሕዝቡ በአዲስ ደንብ መልሶ ይጠብቀዋል፤ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያው አለ። ከዚህ የሚበልጥ የንብረት ትምህርት ለማግኘት ለንደን መሄድ አያስፈልግም።

ሚንጃሮች ደግሞ ስለ ጤፍ ታስታውሱ ይሆናል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣ። በጤፋችን! በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በሆላንድ ውድቅ አደረገው። ክርክሩን የገጠመው ግን ሌላ የሆላንድ ኩባንያ ነበር። እኛ ቁጭ ብለን አየን።

ስለ ኤአይም፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለት ነው፣ ተናገር ተብያለሁ። ያው ነው። የሚሠለጥነው ሁላችን በጻፍነው፣ ባለቤቶቹ ግን ጥቂት ናቸው። ልጆቻችሁ ከእኔ የተሻለ ያስረዷችኋል።

እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሬት ወስዳችሁ ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ መጋዘን የምታቆሙ አላችሁ። በግልጽ እናውራ፣ የአንድ አገር ልጆች ነን። ካሳውን ከፍያለሁ ብላችሁ አትገላገሉ። መሬቱን ለለቀቀው ገበሬ አክሲዮን ስጡት። ትንሽም ቢሆን፣ በስሙ፣ ለልጁ የሚተላለፍ። ስታተርፉ ያትርፍ፣ ስትከስሩ ይክሰር። ማሽኑ የልጁን ሥራ ቢወስድበት እንኳ ከማሽኑ ድርሻ ይኑረው። ሕግ እስኪያዛችሁ አትጠብቁ፣ ሕግ አልከለከላችሁም። አጥራችሁ ያስቀመጣችሁት ካለ ደግሞ ወይ ሥሩበት፣ ወይ መልሱ!

በሩ ላይ መዝገብ አስቀምጠናል። ፈቃደኛ የሆነ ከምሳ በፊት ስሙን ይጻፍ። ከምሳ በኋላማ ማን ይገኛል?

አመሰግናለሁ።