ጎንበስ ስትሉ ድንጋይ ይታያታል

[ምስል፦ ለገጣፎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ። ከሮቶው ሥር ሁለት ዓይኖች ያበራሉ።]

እዚያ ሥር ያለችው አዲሷ ውሻችን ቡቺ ናት። ስሟን ገና አልለመደችውም። ከድመት ብዙም አትበልጥም። ከመጣች 4ኛ ቀኗ ነው፤ ምግቧን የምትበላው እኛ ስንተኛ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። የመጣች ዕለት ከካርቶኑ አውጥቼ አቀፍኳት። ልጆቹም ተራ በተራ አቀፏት። ፍቅር መስሎን ነበር።

[ምስል፦ ሰው ጎንበስ ይላል። ቡቺ ትፈረጥጣለች።]

አያችሁ? ገና ጎንበስ ከማለቴ! በኛ ሰፈር ውሻ ለማባረር ድንጋይ መወርወር እንኳ አያስፈልግም። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ዝቅ ማለት ይበቃል። ልጅ ሆነን ያላደረገው ማን አለ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ እናንተ ልትዳብሷት ዝቅ ስትሉ እሷ የምታየው ያንን ድንጋይ ነው። ትንሽ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ለሷ ሁላችንም ፎቅ ነን።

ስለዚህ እሷ ሳትቀርብ በፊት በርጩማ ላይ ቁጭ በሉ። ጎናችሁን ስጧት። ዓይን ዓይኗን አትዩ። ቡናችሁን ጠጡ፣ ስልካችሁን ነካኩ።

[ምስል፦ የተቀቀለ ጉበት፣ በትንንሹ የተቆረጠ።]

ጉበቱ ጨውም ቅመምም የለውም። ወጥ የነካው እንዳይሆን፤ ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ጉበቱን በእጃችሁ ይዛችሁ «ነይ፣ ነይ» አትበሏት። ርቧት ትመጣ ይሆናል። ግን ጉርሻው ሲያልቅ ራሷን እግራችሁ ሥር ታገኛለች። ያኔ ትደነግጣለች፤ ልትነክስም ትችላለች። ይልቅ ከሷ ወዲያ ማዶ ወርውሩት። አዎ፣ ከናንተ እንድትርቅ! በልታ ስትመለስ በራሷ ፈቃድ ነው የምትመለሰው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበች ትመጣለች።

[ምስል፦ የቡቺ ፊት በቅርበት።]

ምግብ ሳይኖር ከንፈሯን ከላሰች፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት ካዛጋች፣ የዓይኗ ነጭ በጎን ከታየ «በቃኝ» እያለች ነው። ብታጉረመርም አትቆጧት። ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይለምዳል። ድንገት ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም ቀድማችሁ አስከትቧት።

[ምስል፦ ሌሊት። የጅብ ድምፅ።]

ጅቡ ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያብዳል። ቡቺ ትንቀጠቀጣለች። «አታባብላት፣ ፍርሃት ታስለምዳታለህ» የሚሉኝ አሉ። ልክ አይደለም፤ ማባበል ፍርሃት አያስተምርም። ካርቶን በጎኑ አስተኝቼ አሮጌ ጋቢ አነጠፍኩላት፣ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስትገባም ስትወጣም ዝም አልኳት።

[ምስል፦ ጠዋት። በርጩማ፣ ስኒ፣ ቡቺ።]

በ19ኛው ቀን መጥታ አገጯን ጫማዬ ላይ አሳረፈች። ደረቷን በሁለት ጣት 3 ሰከንድ ያህል አከክኋትና እጄን አነሳሁ። ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና አከክኋት። ስኒው መሬት ላይ ነበር፤ እሱን ለማንሳት ደግሞ ጎንበስ ማለት አለብኝ። ተውኩት፣ ቡናው ይቀዝቅዝ።