ልጆች ሲበታተኑ ወላጅን ማን ይይዛል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስቱዲዮ ውስጥ ሰዓት አልቆብን ያልመለስኳቸው ሦስት ጥያቄዎች ነበሩ። እነሆ።

ከአጋሮ የደወሉ አባት፦ «እኔ ሳድግ አያት፣ አጎት፣ የአጎት ልጆች፣ ሁላችንም አንድ ግቢ ነበርን። ዛሬ አምስቱ ልጆቼ አምስት ቦታ ናቸው። ቤተሰብ የሚባል ነገር ሊቀር ነው እንዴ?»

አይቀርም አባቴ። ለውጡ ግን እውነት ነው። ድሮ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ የቡና ማሳ ተቆርሶለት እዚያው አጠገብ ጎጆ ይወጣ ነበር። አሁን መሬቱ በየትውልዱ ሲከፋፈል ኖሮ ለአምስት ቀርቶ ለሁለትም አይበቃም። ልጁ ጅማ መጥቶ አንድ ክፍል ሰርቪስ ይከራያል። አልጋ ከገባ፣ ማንደጃው በር ላይ ከተቀመጠ፣ ለእንግዳ ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ እንኳ የለም፤ ታዲያ እናቱን የት ያሳድር? ያነሰው መሬቱና ክፍሉ ነው፤ ፍቅራቸውን አይጠራጠሩ። የሚወለደውም ቀንሷል። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ2008ቱ 4.6 ሆኗል፣ ከተማ ላይማ 2.3 ብቻ።

ከሄርማታ የደወለች እህት፦ «እህቴ አረብ አገር ናት፤ ሁለት ልጆቿን እናቴ ታሳድጋለች። ትምህርት ቤት ‹ወላጅ ጥሩ› ሲል ማን ይሂድ? የቤቱ ኃላፊስ ማን ነው?»

ይሄ ጥያቄ እኛ አካባቢ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ብሩን የምትልከው እህትሽ ናት፣ ሌሊት ልጅ ሲያተኩስ የምትነሳው ግን እናትሽ። ስለዚህ በስልክ ሦስታችሁም ተነጋገሩ። የትምህርት ቤቱንና የሕክምናውን ነገር የሚወስነው ማን እንደሆነ ቁርጡ ይታወቅ፤ እህትሽ ባለችበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ትላክ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ከሚላከው ላይ ለእናትሽ ለራሷ የሚሆን ድርሻ ይለይ። ሁሉም ለልጆቹ ሲሆን እሷ ጉልበቷን በነፃ እየሰጠች ታረጃለች፣ ይሄ ልክ አይደለም።

ከዚሁ ከጅማ የደወለ ወጣት፦ «ወንድሞቼ ‹አንተ ቅርብ ነህ› ብለው የታመመች እናታችንን ለእኔ ትተዋል።»

ወንድሜ፣ አንድ ግቢ ሲኖር ሥራው ሳይነገር ይከፋፈል ነበር፤ ሲበታተኑ ግን አፍ አውጥቶ ካልተነገረ አንዱ ላይ ይወድቃል። ለአረፋም ይሁን ለፋሲካ ሲሰባሰቡ ጠብቅና ቁጭ አድርጋቸው። አንዱ መድኃኒቱን ይያዝ፣ አንዱ በየወሩ ብር ይላክ፣ የሩቁ ደግሞ በዓመት ጥቂት ሳምንት መጥቶ አጠገቧ ይደር፣ አንተም ትረፍ። እምቢ ካሉ ሽማግሌ ላክባቸው። በቤተሰብ ሕጉ የተቸገረ ወላጅን መቀለብ የልጆች ሁሉ ግዴታ ነው፤ ቅርብ የሚኖረው ብቻ አይደለም ተጠያቂው።