ሲጋራ ያረጋጋል? የአራጣ አበዳሪው ሒሳብ

ጤና ይስጥልኝ! ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ የምትከታተሉን፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ሲጋራ ነው። ምን ያደርጋል፣ እንዴትስ ይተዋል?

ጉዳቱን ቶሎ ልበለውና ልለፍ፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካል አለ፤ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ደም ላይ ይጣበቃል። የደም ሥር ይጠባል፣ ደም ይረጋል፣ ልብና አንጎል ይመታል። ቲቢ የመያዝ ዕድል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ካንሰሩም ሳንባ ላይ አይቆምም፤ ጉሮሮ አለ፣ ፊኛ አለ፣ ቆሽት አለ። አለቀ።

እኔ የምቆየው "ያረጋጋኛል" የምትለዋ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ገበሬ አስቡ። ሐምሌ ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው። አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ አንድ ኩንታል ጤፍ ተበደረ። አዝመራው ሲደርስ አንድ ኩንታል ተኩል ከፈለ፤ ያውም ከአውድማው ላይ፣ ልጆቹ ሳይቀምሱት። በዓመቱ ጎተራው ሐምሌን አልጠበቀም፣ በሰኔ አለቀ። የት ሄደ? እዚያው ሰውዬ ቤት። በሦስተኛው ዓመት በግንቦት አለቀ። የት ሄደ? እዚያው! ታዲያ ይኼ ገበሬ ምን ይላል መሰላችሁ? "እግዜር ይስጠው፣ ከክፉ ቀን የሚያወጣኝ እሱ ነው።" ክፉ ቀኑን ማን አመጣውና!

ኒኮቲን፣ ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዡ ነገር፣ እንዲሁ ነው። በሳባችሁት ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ ከደም ወጥቷል። ሲወርድ ያቁነጠንጣል፣ ያነጫንጫል። ቀጣይዋን ስትለኩሱ ያ ይበርድና "አረጋጋችኝ" ትላላችሁ። ያበረደችው ራሷ ያመጣችውን ነው። የማያጨሰው ጎረቤታችሁ ያንን እርጋታ በነጻ ይዞት ይውላል። የጠዋቷ ሲጋራ ለምን እንዲያ የምትጥም ይመስላችኋል? ዕዳው አድሮባችሁ ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚህች ላይ አድርጉ፤ እኛ ወለድ አንጠይቅም።

ደግሞ መቼም የማታቆሙት ጥያቄ አለ። "ወተት እየጠጣሁበት ነው፣ ሳንባዬን ያጥብልኛል።" ኧረ ጎበዝ! ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። ሳንባ የገባ ቀንማ ትን ብሏችሁ ጀርባችሁን ትመታላችሁ። ወተቱን ለልጆቹ ስጡት። ሳንባ የራሱ መጥረጊያ አለው። የአየር ቧንቧው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሳዮች አሉ፤ አክታውን እየገፉ ወደ ላይ ያወጡታል። ጭስ ሽባ ያደርጋቸዋል። ሲጋራ ስታቆሙ ይነቃሉ፣ የተጠራቀመውን መግፋት ይጀምራሉ። በዚህ የተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ሊብስ ይችላል። ብዙው ሰው "ማቆሙ አሳመመኝ" ብሎ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው። አትመለሱ። ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው ወይም ደም ካለው ግን ጤና ጣቢያ ሂዱና አክታችሁ ይመርመር።

"በቀን አንድ ብቻ ነው" የምትሉም አላችሁ። ያቺ አንዷ፣ ሃያ ሲጋራ በልብ ላይ ከሚያመጣው ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይዛ ትመጣለች። እየቀነሱ መኖር መተው አይደለም።

አሁን ወደ ማቆሙ። ቀን ቁረጡ። ለጾመኛ ሰው የዐቢይ ጾም መግቢያ ጥሩ ነው፤ 55 ቀን አለ፣ አረቄ ቤቱም ይርቃል። የሚከብደው 2ኛውና 3ኛው ቀን ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለዝባል። ስለዚህ 3ኛው ቀን ገበያ ወይም ድግስ ላይ እንዳይውል አድርጋችሁ ቁጠሩ። አምሮቱ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ውሃ ጠጡ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ ተነስታችሁ ተራመዱ።

አምሮቱን ያለ ጭስ የሚያበርደውን የኒኮቲን ማስቲካ ካገኛችሁ፣ ከእንቅልፍ በተነሳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምታጨሱ ከሆነ 4 ሚሊግራም፣ ካልሆነ 2 ሚሊግራም ያዙ። እንደ ተራ ማስቲካ አታላምጡት! ቀስ ብላችሁ አኝኩና ሲለበልብ ጉንጫችሁ ሥር አስቀምጡት፤ መለብለቡ ሲጠፋ እንደገና አኝኩ፤ እንዲህ እያላችሁ 30 ደቂቃ። ምራቁን ከዋጣችሁት ስቅታ ነው ትርፉ። ቡና ከጠጣችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ አለዚያ አፍ ውስጥ አይሰርግም። ጾም ይገድፋል አይገድፍም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ቡና ካልን አይቀር ይኼን ማንም አይነግራችሁም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ስታቆሙ ካፌይኑ ደም ውስጥ ይቆያል። ያው የለመዳችሁት አቦል፣ ቶና፣ በረካ አሁን እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ እናንተ "የሲጋራ ሱስ ነው" ትላላችሁ። ቡናውን በግማሽ ቀንሱ።

ሲጋራ የሚመልሳችሁ በብዛት መጠጥ ነው። የመጀመሪያውን ወር ከአረቄ ራቁ። የግድ ከሆነባችሁ ውስጥ ተቀመጡ፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት መጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ለማጨስ ወደ ደጅ የሚወጡትን አትከተሉ። ተሳስታችሁ አንዷን ብታጨሱ የቀረውን ፓኬት ለነገ አታሳድሩት፣ ውሃ ውስጥ ጨምሩትና ቆጠራችሁን ቀጥሉ። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ሺሻ ነው፤ "ውሃው ያጣራዋል" የምትሉ ጥያቄያችሁን ከወዲሁ ላኩ።