513 ቀናት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው፦ 513።

ቁጥሩ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። በአምስት ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ፣ በሽታቸው አልታወቅ ያለ 178 ሕፃናት ነበሩ። «ፕሮጀክት ቤቢ ቤር» በተባለው ሙከራ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ደም ተቀድቶ ሙሉ ዘረመላቸው ሳን ዲዬጎ ውስጥ ተነበበ። ውጤቱ በቀናት ውስጥ ይደርስ ነበር። የ76ቱ በሽታ ተለየ፤ የ55ቱ ሕክምና ተለወጠ። ሊደረጉ የነበሩ 11 ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች ቀሩ፤ ሆስፒታል ሊተኙባቸው የነበሩ 513 ቀናትም ተረፉ። በገንዘብ ሲሰላ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። የግዛቲቱ የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የጤና መድንም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ምርመራውን ይሸፍናል።

የመጀመሪያው የሰው ሙሉ ዘረመል (ጂኖም) ንባብ 13 ዓመትና 2.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ስለፈጀ፣ ስለ ዋጋው መውረድ ብዙ ይወራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በሽታውን ለማወቅ የሚደረገው ፍለጋ የሚበላው ገንዘብ ነው፦ ዛሬ የጡንቻ ናሙና፣ ነገ የአከርካሪ ፈሳሽ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ስፔሻሊስት፤ የአልጋው ሒሳብ ደግሞ በየቀኑ ይጨምራል።

መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ቢሆንስ? ያኔም መልሱ ዋጋ አለው። «በእርግዝናዬ ምን በልቼ፣ ምን ተሸክሜ ይሆን» እያለች ራሷን የምትወቅስ እናት አለች። እርግማን ነው የሚል ዘመድም አይጠፋም። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ መጥቶ «የተለወጠችው ይህች አንዲት የዘረመል ፊደል ናት፤ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም» ሲላት የሚወርድላት ሸክም በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይሰፍርም። ለእኔ ከሚሊዮኖቹ አያንስም።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ውጤቱ የሚመሳከርባቸው የመረጃ ቋቶች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘረመል የተሞሉ ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ሕፃን ላይ የተገኘ ለውጥ «ትርጉሙ አልታወቀም» ተብሎ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የእኛ ዘረመል የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለውጠውን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል በትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ለውጡም በእነሱ ላይ ይፈጥናል። ለሌላው ልክ የሆነው የሕመም ማስታገሻ ለእነዚህ ሰዎች ሊበዛባቸው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ለዘረመል ጥናት ናሙና ስትጠየቁ ወዲያው እምቢ አትበሉ። የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ይሰረዝ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ካረካችሁ ስጡ።